ከዳህላክ እስከ ዘንገና፦ የጠላቂዎች ኮምፒውተር ከፍታን የተማረበት መንገድ

በ1670 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ቦይል የሚባለው የአየርላንድ ተወላጅ ተመራማሪ የአንድ ሙከራውን ውጤት አሳተመ። እፉኝት በመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ አየሩን በፓምፕ እየመጠጠ ሲያሳሳው እባቡ መንፈራገጥ ጀመረ። ቦይል ጠጋ ብሎ ሲያይ በአንደኛው ዓይኑ ፈሳሽ ውስጥ አንዲት አረፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ለጠላቂዎች ሕመም የተገኘች የመጀመሪያዋ ፍንጭ ይህች ናት። እባቡ ግን ከባሕር አልወጣም። በአንድ ቅጽበት ከረጅም ተራራ ጫፍ የደረሰ ያህል የአየሩ ግፊት ወረደበት እንጂ። በኋላ የባሕር ሰዎች ብቻ የሆነው ትምህርት የተጀመረው በከፍታ እንደነበር ይታወስልኝ።

ከዚያ ወደ 100 ዓመት ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1769 ምጽዋ ሳይደርስ በዳህላክ ደሴቶች በኩል አለፈ። ዳህላክ ትንፋሻቸውን ውጠው እየጠለቁ ዕንቁ የሚለቅሙ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁበት አገር ነው። በኅዳር መግቢያ 1770 ደግሞ ሰከላ ግሽ ዓባይ ምንጩ ላይ ቆመ። ባሮሜትሩን ሲያነብ ሜርኩሪው ወደ 22 ኢንች ገደማ ላይ ነበር። በባሕር ጠረፍ ቢሆን ወደ 30 ይጠጋል። ብሩስ ከዚህ ተነስቶ ቦታው ከባሕር ወለል ከ2 ማይል በላይ ከፍ ይላል ብሎ ደመደመ። አበዛው፤ ግሽ ዓባይ 2,700 ሜትር ቢሆን ነው። ቁጥሩን ግን ለእኛ ትቶልናል። የምዕራብ ጎጃም ደጋ አየር ከባሕር ጠረፉ አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚጫነው። ከዚህ በኋላ የሚተረከው ሁሉ ከዚህ ሦስት አራተኛ ጋር የተያያዘ ነው።

ቦይል በእባቡ ላይ ያየው ችግር ሰውን መያዝ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ትሪዤ በ1841 ገደማ ውሃ ከሚያመነጭ መሬት በታች ጉድጓድ ለማስቆፈር የታመቀ አየር የተሞላ ክፍል ሠራ። ሠራተኞቹ ከሥራ ሲወጡ ጉልበታቸውንና ክንዳቸውን ይዘው ያቃስቱ ጀመር። አሜሪካኖች በሴንት ሉዊስና በብሩክሊን ድልድዮችን ሲያቆሙ ያው ሕመም ብዙዎችን አሽመደመደ፣ የገደላቸውም አሉ። የብሩክሊኑ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 ተመትቶ ቀሪውን ግንባታ ከቤቱ መስኮት ለመከታተል ተገደደ።

መልሱን ያገኘው ፈረንሳዊው ፖል ቤር ነው። በ1878 ባሳተመው ስለ አየር ግፊት በሚናገረው ግዙፍ መጽሐፉ፣ በግፊት ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ እየሟሟ እንደሚከማች አሳየ። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባ በኩል ይወጣል። ተቻኩሎ ከወጣ ግን ልክ እንደ ተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በውስጡ አረፋ ይፈላል። ቤር የተራራ ወጪዎችን ሕመምና የጠላቂዎችን ሕመም በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ሐሳብ ሥር አስቀምጧቸው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ለየብቻ ያዟቸው፤ እንደ ገና የተገናኙት ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጠላቂዎቹ በስንት ደቂቃ መውጣት እንዳለባቸው እንዲያጠናለት ለተመራማሪው ጆን ስኮት ሃልዴን ሥራውን ሰጠ። ሃልዴንና ባልደረቦቹ ቦይኮትና ዳማንት ለንደን ባለው የሊስተር ተቋም አንድ የብረት ክፍል ውስጥ ፍየሎችን አስገብተው አየር ያምቁባቸው፣ ቆይተው ያስወጧቸው ነበር። ፍየሏ ከታመመች የፊት እግሯን ታነሳለች። ፍየል ያገደ ሰው አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የቆመ ፍየል ምን እንደሚል አይጠፋውም፤ ሃልዴንም ያነበበው ይህንኑ ነው። ከአይጥና ከጥንቸል ይልቅ ፍየልን የመረጠው በክብደቷ ለሰው ስለምትቀርብ ነበር። ከዚያ ዳማንትና ካቶ የተባሉ የባሕር ኃይል ሰዎች ስኮትላንድ ውስጥ በጥልቅ ውሃ ራሳቸው እየጠለቁ ስሌቱን ፈተኑት።

በ1908 የወጣው ጥናት ሁለት ነገሮችን አስቀመጠ። አንደኛው፣ ሰውነት ናይትሮጅንን በአንድ ፍጥነት አይወስድም። ደም ቶሎ ይሞላል ቶሎም ይለቃል፤ ስብና መገጣጠሚያ ይዘገያሉ። ስለዚህ ሃልዴን ሰውነትን በሐሳብ በ5 ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ5 እስከ 75 ደቂቃ የሚደርስ ግማሹን የመሙያ ጊዜ ሰጠው። ሁለተኛው፣ ግፊቱ በግማሽ እስኪወርድ ድረስ ሰውነት ይችለዋል የሚል ነበር። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ የወለሉ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ከ10 ሜትር ብዙ ቆይቶ የወጣ ሰው ያለ ማቆሚያ መውጣት ይችላል ማለት ነው። (ዛሬ ይህ ቁጥር ደፋር ነው ተብሎ ተቀንሷል።)

ስሌቱን ወደ እኛ አገር እናምጣው። ከቡሬ ተነስቶ በጥሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ጥቂት ገባ ቢል ዘንገናን ያገኛል። ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። በገጹ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕሩን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ላይ ሳይሆን 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ነው። የሃልዴንን ሠንጠረዥ ይዞ ዘንገና ቢገባ ኖሮ ጠላቂው ሠንጠረዡን እያከበረ ይታመም ነበር። ሃልዴን ራሱ በ1911 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር አሜሪካ ውስጥ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጥቶ ሳምንታት ቆይቷል፤ የሄደው ግን ስለ ትንፋሽ ለማጥናት ነው። ሠንጠረዡ በባሕር ወለል ቀረ።

ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 ሰው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ በነጻነት የሚጠልቅበትን መሣሪያ ሠሩ፤ ጠልቆ መዋኘት ከወታደርና ከሠራተኛ እጅ ወጥቶ የመዝናኛ ሆነ። ቀይ ባሕርም ወዲያው እንግዳ ጎረፈለት። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌደሬሽን በተዋሐደችበት በ1952 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ቡድን ዳህላክ ደርሶ ወራት ቆየ። ወጣቱ ፎልኮ ክዊሊቺ በውሃ ውስጥ የቀረጸው ፊልም በ1954 ለሕዝብ ታየ።

በዚያ ዘመን ጠላቂ የሚተማመነው በእጅ ሰዓቱ፣ በጥልቀት መለኪያ መርፌውና በቃሉ በያዘው ሠንጠረዥ ነበር። ምጽዋ ላይ ይህ ከሌላው ዓለም ይልቅ ያሰጋል፤ ምክንያቱም ከምጽዋ ወደ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 2,300 ሜትር ላይ መውጣት የከሰዓት በኋላ ጉዞ ነው። ጠዋት ዳህላክ ጠልቆ ማታ አስመራ እራት የሚበላ ሰው በቦይል ዕቃ ውስጥ ገባ ማለት ይቻላል። ባሕር ሲወጣ ያልታየ አረፋ ነፋሲት ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል። ሠንጠረዡ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት መስመር አልነበረችውም።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1955 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ፎክስቦሮ የተባለ ድርጅት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሠንጠረዡን ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ሠራ። አየር በጠባብ ቀዳዳ እየገባ በውስጡ ያለውን ከረጢት ይነፋል፣ መርፌ ያንቀሳቅሳል። ሲፈተን ከሠንጠረዡ ጋር ስላልተስማማ ባሕር ኃይሉ አልተቀበለውም። በ1959 ጣሊያኖች በዚያው ሐሳብ የተሠራ፣ ጋዝ ቀዳዳ በበዛበት ሸክላ ውስጥ እየሠረገ የሚያልፍበት ሜትር ለገበያ አቀረቡ። ኤስ ኦ ኤስ ተባለ፤ ርካሽ ስለነበር ለብዙ ዓመታት ተሸጠ። ጉድለቱ አንድ ሸክላ ብቻ መኖሩ ነው። ሃልዴን በ5 ክፍል ያሰበውን ሰውነት በአንድ ሸክላ መቁጠር ለአንድ ጥልቀት ይሠራል፣ በሚቀጥለው ያሳስታል። ተጠቃሚዎቹ እያሾፉ ሕመም አምራች የሚል ቅጽል ሰጥተውት ነበር።

በ1962 ታኅሣሥ አንድ ሌላ ነገር ሆነ። ሃንስ ኬለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ፒተር ስሞል ጋር በደወል መሰል ክፍል ተሳፍሮ 300 ሜትር ወረደ። ኬለር ተረፈ፤ ስሞልና ሊረዳ የጠለቀው ወጣት ክሪስቶፈር ዊተከር ሞቱ። የኬለርን ስሌት ከጀርባ የሠራው የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም አልበርት ቡልማን ነበር።

ይህን ሰው በደንብ ላስተዋውቅ፤ ዛሬ በብዙ ጠላቂዎች አንጓ ላይ የሚኖረው እሱ ነው። ቡልማን በ1959 ጥናቱን ሲጀምር ባሕር በሌላት አገር ነበር። የስዊዘርላንድ ጠላቂዎች የሚጠልቁት በሐይቅ ነው፤ ሐይቆቹ ደግሞ በተራራ መካከል ናቸው። የሠራዊቱም ጠላቂዎች ወደ ተራራ ሐይቅ ይላካሉ። ሌሎች በባሕር ወለል ላይ ቆመው ያልጠየቁትን ጥያቄ እሱ ማለፍ አልቻለም። ጠላቂው በሐይቁ ገጽ ላይ ሲደርስ በሰውነቱ ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጅን አለ? ውጭ ያለው አየርስ ምን ያህል ይጫናል? ቡልማን ጉዳዩን ከገጹ ላይ ካለው እውነተኛ ግፊት ጀመረ፤ የባሕር ወለል በእሱ ስሌት ከብዙዎቹ ከፍታዎች አንዱ ብቻ ነው። ሃልዴን 5 ያደረጋቸውን የሰውነት ክፍሎች ወደ 16 አደረሳቸው፤ በጣም የሚዘገየው ግማሹን ለመሙላት ብቻ ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሠንጠረዦቹንም በከፍታ ለያቸው፦ አንዱ እስከ 700 ሜትር፣ ሌላው ከዚያ እስከ 2,500 ሜትር። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጣና ሁሉም በሁለተኛው ሠንጠረዥ ይወድቃሉ። ዘንገና ድንበሩ ላይ ነው።

አሜሪካኖችም በበኩላቸው በ1967 ኢ. አር. ክሮስ ባወጣው ቀላል ዘዴ ጥልቀቱን ያባዙ ጀመር። በዘንገና 60 ጫማ (18 ሜትር) የወረደ ሰው ሠንጠረዡን ሲከፍት 80 ጫማ እንደወረደ አድርጎ ያነባል። የ1957ቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠንጠረዥ ለ60 ጫማ 60 ደቂቃ፣ ለ80 ጫማ 40 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከፍታው 20 ደቂቃ ቀማው። ጣና ላይ ነገሩ ይቀልላል፤ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍ፤ የደፈረሰ ውሃው ከናይትሮጅኑ ይልቅ ያስቸግራል። የመርፌ ጥልቀት መለኪያውም ያታልላል፦ በባሕር ወለል የተስተካከለ መርፌ ዘንገና ላይ 20 ሜትር የወረደውን ሰው 17 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነህ ይለዋል። በሠንጠረዥ ለመሳሳት በቂ ነው።

በ1983 ሁለት የጠላቂ ኮምፒውተሮች ወጡ። አንዱ ኦርካ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠራው ኤጅ ነው፤ ክሬግ ባርሺንገር አዘጋጀው፣ ስሌቱን ካርል ሃጊንስ ጻፈለት፣ 12 የሰውነት ክፍሎችን እንደ ዓምድ በስክሪኑ ላይ ይስላል። ሌላው የአውሮፓው ዴኮብሬን ነው። ሁለቱም ጡብ የሚያህሉ ነበሩ፤ ዋጋቸውም ያስደነግጥ ነበር። ሥራቸው ግን ሠንጠረዥ የማይሠራው ነበር፦ ሰውየው የወረደበትን ጥልቅ ጥግ ብቻ ሳይሆን በየቅጽበቱ የነበረበትን እየቆጠሩ፣ ሲወጣ ደግሞ ናይትሮጅኑ ሲለቅ ይቆጥራሉ። በሚቀጥለው ዓመት የቡልማን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ታትሞ ቀመሩ በዝርዝር ለሁሉም ወጣ። ይህ ቀመር ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ገበያው ምን ይመስል እንደነበር ለማሰብ ይከብደኛል፤ ብዙ አምራቾች ከዚያው መጽሐፍ ቀዱ።

1987 የበለጠ ፍሬያማ ዓመት ነበር። የስዊዘርላንዱ ኡዋቴክ አላዲንን፣ የፊንላንዱ ሱንቶ የመጀመሪያ ጠላቂ ኮምፒውተሩን ወደ ገበያ አወጡ፤ መሣሪያው በእጅ የሚያዝ መጠን ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመትም የስዊዘርላንድ ቡድን ወደ ቲቲካካ ሐይቅ ወጥቶ 3,800 ሜትር ላይ የቡልማንን ስሌት ፈተነው። ከቦይል እፉኝት 317 ዓመት በኋላ ተራራውና ባሕሩ በአንድ ስሌት ውስጥ ገቡ። አላዲን ሲበራ አየሩን ራሱ ይለካና የት ከፍታ ላይ እንዳለ ያውቃል። ቡልማን በ1994 አረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይነገራል። ኤርትራ በ1993 ነጻ ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች፤ ባሕር ኃይሏ በ1996 ፈረሰ፣ ዳግም የመመሥረቱ ሥራ በ2018 ታወጀ። ኤሪክ ቤከር የቡልማንን ስሌት ተጠቃሚው ራሱ የሚያጠብቅበትን ግራዲየንት ፋክተር የተባለ ዘዴ አመጣ። የጠላቂ ኮምፒውተር አምራቹ ሺርዎተር በ2004 ካናዳ ውስጥ ተመሠረተ፤ ጋርሚን በ2017፣ አፕል በ2022 የጠላቂ ሰዓት ይዘው መጡ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለጀማሪ የሚሆነው መሣሪያ ዋጋ ወርዶ ከ200 እስከ 400 ዶላር መካከል ይገኛል።

ታዲያ ዛሬ ከገበዝ ማርያም ይሁን ከፍኖተ ሰላም የተነሳ ወጣት ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ጅቡቲ ሄዶ፣ እዚያ ጠልቆ መዋኘት ተምሮ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሊገዛ ሱቅ ቢገባ ምን ይጠይቅ? ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው ባለ ቀለም ስክሪንና ከሲሊንደሩ ጋር ያለ ገመድ የሚነጋገር የአየር መለኪያ ነው። ሁለቱም ለጀማሪ ቅንጦት ናቸው። ባትሪው በባለቤቱ የሚቀየር ወይም በቻርጅ የሚሞላ፣ ቁጥሩ በደፈረሰ ውሃ የሚነበብ፣ ናይትሮክስ የሚባለውን ኦክስጅን የበዛበትን አየር የሚቀበል ከሆነ ሌላው ይቆይ። ለእኛ ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ሁለተኛ ናቸው። ቀዳሚው ጥያቄ ከፍታን ራሱ ይለካል ወይስ እኔ ልንገረው የሚል መሆን አለበት። ራሳቸው የሚለኩ አሉ፤ የማይለኩም አሉ። የብዙዎቹ የሱንቶ ሞዴሎች ምርጫ ሦስት ደረጃ ነው፦ እስከ 300 ሜትር፣ ከዚያ እስከ 1,500፣ ከዚያም እስከ 3,000። ጣናም ዘንገናም ሦስተኛው ውስጥ ናቸው። ተጠቃሚው ባሕር ላይ ያስተካከለውን ረስቶ ሐይቅ ከገባ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ደቂቃ ይሰጠዋል። ማንም ጀማሪ ዘንገና ይግባ እያልኩ አይደለም፤ 166 ሜትር ቁልቁል ከሚወርድ ውሃ ዳር 18 ሜትር የተፈቀደለት ሰው ምንም ሥራ የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መመለሻ ነው። ደገኛው ወደ ባሕር ሲወርድ ከጠረፈኛው ያነሰ ናይትሮጅን ይዞ ስለሚደርስ ለመጀመሪያው ቀን ቅንጣት ትርፍ አለው። ስጋቱ በመመለሱ ጊዜ ነው። በ2002 የጠላቂዎች ሐኪሞች ተሰብስበው ባወጡት ምክር፣ አንዴ ጠልቆ ያለ ማቆሚያ የወጣ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ፤ በመውጫው ላይ ማቆሚያ የታዘዘበት ደግሞ ከዚህም አብዝቶ። ኮምፒውተሮቹ ይህን ሰዓት በስክሪናቸው ላይ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ስሌቱ ግን የሚያስበው ስለ በረራው ብቻ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ ቦሌ የሚያርፍ ሰው 2,300 ሜትር ላይ ይወርዳል፤ ይህም በአውሮፕላኑ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ብዙም የማይለይ ነው። ከቦሌ በአውቶቡስ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲጓዝም ከ1,800 ሜትር በታች የሚያወርደው የዓባይ በረሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደ ገና ይወጣል። በባቡር ወይም በመኪና በድሬዳዋ በኩል የሚመጣውም ቢሆን ያው ዳገት ይጠብቀዋል። ስለዚህ 18 ሰዓቱን ለእኛ ሰው 24 ማድረግ፣ የመጨረሻውን ቀን ባሕር ሳይገቡ አሳ እየበሉ ማሳለፍ ነው የሚሻለው።